ጅቡቲ፣ ከኮንቴይነሩ ጀርባ

ለዕረፍት ጅቡቲ እሄዳለሁ ስል ያልሳቀብኝ ሰው የለም። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «መኪና አስመጥተሽ ነው?» አለችኝ። ሌላው «ምነው፣ ኮንቴይነር ታሰረብሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሰው ዱባይ ሲሄድ ለሽርሽር ነው። ዛንዚባር ሲሄድ ለጫጉላ ነው። ጅቡቲ ሲሄድ ግን ወይ ትራንዚተር ነው፣ ወይ ሹፌር ነው፣ ወይ የሆነ ዕቃ ተይዞበታል።

አይፈረድባቸውም። ጅቡቲን የምናውቃት በዜና ነው። ማዳበሪያ ወደብ ደረሰ፣ ስንዴ የጫነች መርከብ መልሕቋን ጣለች፣ ዕቃ በጊዜው ባለመነሳቱ የሚከፈለው ዲመሬጅ ነጋዴውን አስለቀሰ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ በዚያች በር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በሩን እናውቀዋለን። ከበሩ ወዲያ ስላለው ባሕር የሚያወራልን ግን የለም።

አጎቴ ወጣትነቱን የፈጀው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የነዳጅ ቦቴ ነበር የሚነዳው። ስለ ጅቡቲ ሲነሳ ከአፉ የሚወጣው ሙቀቱና ወረፋው ብቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ ዱዝ የሚባል ሰፈር አለ፤ የእኛ ከባድ መኪኖች የሚቆሙት እዚያ ነው። ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ መተኛቱን፣ ሌሊቱን በላብ ተጠምቆ መንቃቱን እየደጋገመ ያወራል። አንድ ቀን «ባሕሩ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምን ልሠራ?» አለኝ። «እኔ መንገዱን ነው የማየው።»

እኔ ግን ባሕር ያምረኛል። ያደግሁት ላንጋኖ መሄድ እንደ ትልቅ ነገር በሚታይበት ቤት ነው። ዋና የተማርኩት ሶደሬ ነው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ የሲሚንቶውን ጠርዝ ሙጭጭ ብዬ ይዤ። ከዓመታት በኋላ ካርታ ዘርግቼ፣ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ሳልሳፈር የምደርስበት ባሕር የትኛው ነው ብዬ ስፈልግ ጣቴ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ አረፈ። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተገንጥሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ አቅጣጫ ይገባል። በደቡቡ በኩል ጅቡቲ ከተማ፣ በሰሜኑ ታጁራና ኦቦክ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጉቤት የሚባል ጥልቅ ኩሬ መሰል ባሕር አለ። ሁለት ጓደኞቼን አሳምኜ ኅዳር ላይ ተነሳን።

የሄድነው በባቡር ነው። አውሮፕላን ፈጣን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጅቡቲ የምትገባው ቀስ ብሎ በመውረድ ነው ባይ ነኝ። ለቡ ስንሳፈር ጋቢ ለብሰን ነበር። አዳማ ላይ ጋቢው ወለቀ። ሚኤሶ አካባቢ ሹራቡ ተከተለ። ከድሬዳዋ በኋላ መስኮቱን ተደግፎ ዝም ማለት ብቻ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተነስቶ እስከ ባሕር ጠለል መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ጆሮም ቆዳም ይነግራል። ግራሩ እያጠረ ይሄዳል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ግመል ይታያል። ደወሌ ላይ ፓስፖርት ተመትቶ፣ አሊ ሳቢህንና ሆልሆልን አልፎ ናጋድ ላይ ይወረዳል።

ይኼኛው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ነው፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018። የድሮው የፈረንሣዮቹ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ድሬዳዋ የምትባለውን ከተማ የወለዳት ያ ባቡር ነው። ጎኔ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የድሬ ሰው የድሮውን ባቡር ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። ኮንትሮባንድ የያዙ እናቶች በመስኮት ጨርቅ ሲወረውሩ፣ ፈታሽ ሲሮጥ፣ ተሳፋሪው ሲስቅ። «ያ ባቡር ሰው ነበር፤ ይኼ ማሽን ነው» አሉኝ። ማሽኑ ግን አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ እኔ አላማረርኩም።

ከተማዋን ለመውደድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። በቀትር ከወረዱባት የተዘጋች ትመስላለች። ሥራ በጠዋት ይጀመራል፣ ቀትር ላይ ሱቁም ቢሮውም ጥርቅም ይላል። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ጫት ነው። ከአወዳይ ተነስቶ በየቀኑ ይደርሳል፣ ሲደርስ ከተማው ለአፍታ ይነቃል፣ ሴቶቹ ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይተኛል። እውነተኛዋ ጅቡቲ የምትመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ማዕከሉ ላይ ያለው አደባባይ ምኒልክ ይባላል። ነፃነታቸውን ካገኙበት ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ወዲህ በዚያ ቀን ተሰይሟል፣ ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። ታክሲ ነጂው ሌላውን ስም ስነግረው ግራ ተጋባ። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች ነጫጭ ናቸው፣ ከታች ቅስት ያላቸው በረንዳዎች አሏቸው፣ ቀለማቸው በጨው አየር ተልጦ ወድቋል። ትንሽ ራቅ ብሎ የሐሙዲ መስጊድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ። እሱ አካባቢ ያለው ገበያ ውስጥ ስንገባ የሚሰማኝ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚያ አንዷ ቲማቲም ሻጭ «ነይ የኔ እህት፣ የድሬ ቲማቲም ነው» አለችኝ፣ በጥርት ያለ አማርኛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጅቡቲ ያለ ኢትዮጵያ አትኖርም፣ ኢትዮጵያ ያለ ጅቡቲ ትቸገራለች የሚለውን ፖለቲከኞች ሲሉት ይሰለቻል። ገበያው ውስጥ ሲያዩት ግን አይሰለችም። ቲማቲሙ የእኛ፣ ሽንኩርቱ የእኛ፣ መብራቱ በአብዛኛው ከእኛ በተዘረጋ መስመር የመጣ፣ ቧንቧ ውኃውም በከፊል ከሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ የሚወርድ። ያም ሆኖ ዋጋው የእኛ አይደለም። አንድ ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው፣ ለዘመናት ያልተነቃነቀ ምንዛሬ። ከብር ጋር ስታወዳድሩት ያማል። ከተማው የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ወታደሮች የሰፈሩበት ስለሆነ ሆቴልና ምግብ ቤቱ የሚተምነው ለእነሱ ኪስ ነው። ቁርስ ላይ ቡና ጠጥቼ ሂሳቡ ሲመጣ ሁለተኛውን አላዘዝኩም።

ለዓሣው ግን ቢጠይቁኝ ብድር ገብቼም እከፍላለሁ። «የየመን ዓሣ» ይሉታል። ወደ ወጥ ቤቱ አስገብተው ነው የሚያስመርጡት። ዓሣው ከጀርባው በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ቀይ በርበሬና ቅመም በብሩሽ ይቀባል። ከዚያ ረጅም ብረት ላይ ተወግቶ መሬት ውስጥ በተቀበረ፣ ከታች እሳት በሚነድበት የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይወርዳል። ምድጃው ጋ የቆመው ልጅ ክንዱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ተቃጥሏል። በዚያው እጁ ሊጥ እየዳመጠ የምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ቂጣው ያብጣል፣ ጫፉ ሲጠቁር ነቅሎ ይወረውረዋል። ዓሣው ወረቀት ላይ ነው የሚቀርበው። ሹካ የለም። በላዩ ጠቁሮ ይሰነጠቃል፣ ከሥር ሥጋው ነጭና እርጥብ ነው። አጥንቱ በአንድ እጅ ሲነሳ ሙሉውን ይወጣል። መጨረሻ ላይ በሙዝና በማር የተፈተፈተ ትኩስ ቂጣ ያመጣሉ፣ ጠግበን ነበር፣ እሱንም አልማርነውም።

አስተናጋጇ የባቲ ልጅ ናት። ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። «ለሥራ ነው?» አለች። ለመዝናናት ነው ስንላት ለአፍታ አየችንና ሳቀች። «እኔ እዚህ ስኖር ደሴቶቹን እንኳ አላየሁም» አለች። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች ከከተማው ፊት ለፊት አሉ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ከተሜው በጀልባ ይጎርፍባቸዋል። የእሷ ሥራ የሚበዛው ግን በእነዚያ ቀናት ነው።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ዓሣ ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። እዚህ የሚመጡት በአብዛኛው ወጣቶቹ ናቸው፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ። «ወጣት» ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ሚኒባስ የሚያህል ወጣት ነው። የሚመገበው በአብዛኛው ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። ሰው አይነካም። ይኼን ሁሉ አንብቤ፣ ለጓደኞቼ አስረድቼ፣ በጠዋት ከከተማው በጀልባ ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ ስንሄድ ግን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጀልባ ነጂው አፋር ነው፣ ጥቂት አማርኛ ይችላል፣ ብዙ አያወራም። ሞተሩን ቀንሶ ቆሞ ውኃውን ያያል። እኛ የምናየው ሰማያዊ ብቻ ነው። እሱ ግን ጥላ ያያል። ድንገት «አሁን! አሁን! ግቡ!» አለ። ላይፍ ጃኬቴን አጥብቄ፣ መነጽሬን ለብሼ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሼ ዘለልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት አረፋ ነው። የራሴ አረፋ። ትንፋሼ በቱቦው ውስጥ እንደ አውሬ ይጮሃል። ከዚያ ውኃው ጠራ። ከሥሬ አንድ ግራጫ ነገር ሲያልፍ አየሁ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው። ጭንቅላቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ አፉ ከዳር እስከ ዳር ይከፈታል። ዓይኑ ግን ትንሽዬ ናት፣ እዚያ ሰፊ ፊት ዳር ላይ የተረሳች ትመስላለች። አፉን ከፍቶ ውኃውን እያስገባ፣ በስንጥቆቹ በኩል እያስወጣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቁብም አልሰጠኝ። ጎን ለጎን ልከተለው ሞከርኩ። ጭራውን አንዴ በዝግታ ሲያወዛውዝ እኔ አሥር ጊዜ እረግጣለሁ። መንካት ክልክል ነው፣ ጥቂት ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ደንቡን ማክበር አልከበደኝም፣ ልንካው ብልም አልደርስበትም።

ወደ ጀልባው ስመለስ አንዷ ጓደኛዬ ታለቅሳለች። ምን ሆነሽ ብላት «እኔ እንጃ» አለችኝ። ሁለተኛዋ ጭራሽ አልገባችም፣ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ሆና ቪዲዮ ስትቀርጽ ነበር፣ ቪዲዮው ላይ የሚታየው የእኔ የዋና ጫማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም አየን። ግን እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው በኋላ ሰው ጨካኝ ነው፣ ወዲያው ይለምዳል። ደግሞ የጀልባው ብዛት ደስ አላለኝም። አንድ ዓሣ ብቅ ሲል አራት አምስት ጀልባ ይከበዋል፣ ቱሪስት ከየአቅጣጫው ይዘላል። ዓሣው አልተቆጣም፣ ወደ ታች ሰምጦ ጠፋ። እኔ ብሆን ቶሎ እጠፋ ነበር።

በሌላ ቀን ወደ አሰል ሐይቅ ሄድን። መኪና ከነሹፌሩ ነው የተከራየነው፣ ያለ ጠንካራ መኪናና ያለ መንገድ አዋቂ መሄድ አልመክርም። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በጥቁር ተራሮች መሐል ይጠማዘዛል፣ ከዚያ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል። ከታች ጉቤት ተዘርግቷል። ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚገናኘው በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ እዚያ ላይ ሞገዱ ኃይለኛ ነው ይላሉ። መሐሉ ላይ የሾሉ ደሴቶች አሉ፣ የሰይጣን ደሴቶች ይሏቸዋል። ሹፌራችን ውስጡ ጭራቅ እንደሚኖር ነገረን። ታምናለህ ወይ ስለው «አላምንም፣ ግን አልዋኝበትም» አለ።

ከጉቤትና ከአሰል መሐል ያለው መሬት ጥቁር ላቫ ነው። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ፈንድቶ የፈሰሰው እዚህ ነው። መሬቱ ላይ የተሰነጠቀ ነገር ይታያል፣ እግር አንፈራጥጦ መቆም የሚቻልበት። የዐረቢያ፣ የሶማሊያና የአፍሪካ የምድር ሰሌዳዎች የሚላቀቁት በዚህ በኩል ነው። በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ይኼው ስንጥቅ ነው በአፋር አልፎ በአዋሽ ሸለቆ ሽቅብ ወጥቶ ላንጋኖና ዝዋይ የሚደርሰው። በልጅነቴ የተንቦጫረቅሁበት ውኃና ይኼ ገሃነም የሚመስል ቦታ የአንድ ቀዳዳ ልጆች ናቸው።

አሰል ራሱ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው። በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ስንወርድ ሙቀቱ በር ከፍቶ እንደገባ ሰው ፊታችን ላይ ቆመ። ኅዳር ነው ይኼ! ዳሩ በሙሉ ነጭ የጨው ምንጣፍ ነው፣ ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ ይቀያየራል። ጨውነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህላል። የባሕሩ ውኃ ከጉቤት በላቫው ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ይመጣል፣ ፀሐዩ ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። ዳሩ ላይ የጨው እንክብል አለ፣ ክብ፣ እንደ ዶቃ የሚንከባለል። ውኃው እያገላበጠ ነው ያሳመረው። የአፋር ልጆች በላስቲክ ይሸጡታል። ውኃ ውስጥ ዘፍቀው ጨው ያለበሱት የፍየል ራስ ቅልም ይሸጣሉ፣ እሱን ግን ለማን ይዤ ልሂድ?

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሥሩ ሹል ነው፣ ጨዉ እግር ይቆርጣል። ተጋደምኩ። አልሰመጥኩም፣ እግሬ በራሱ ወደ ላይ ወጣ። ስወጣ ውኃው ወዲያው ደረቀና ክንዴ ላይ ነጭ ሽፋን ቀረ። ስታጠፉት ይሰነጠቃል። ሹፌሩ ይኼን ስለሚያውቅ ጄሪካን ሙሉ ንጹሕ ውኃ ይዞ ነበር፣ እያፈሰሰ አጠበን። አንድ ጄሪካን ውኃ ለእግራችን ደፋን ማለት ነው። ይኼን የምናገረው ከዚያ በኋላ በሆነው ምክንያት ነው።

ስንመለስ መንገዱ ዳር በረድፍ የሚሄዱ ልጆች አየን። ጫማቸው ሸበጥ ነው፣ ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል፣ ግማሽ የቀረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ጥላ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ሹፌሩ ሳንነግረው ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ሁልጊዜ እንደሚቆም ያስታውቃል። የቀረንን ውኃ በሙሉ አወረድን። አንደኛው አማርኛ ስንናገር ሰምቶ ቀና አለ።

«ከየት ናችሁ?» አልኩት።

«ከወሎ። እነሱ ከአርሲ ናቸው።»

«ወዴት ነው?»

«ኦቦክ» አለ። ከዚያ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ። ዕድሜውን ብገምት አሥራ ሰባት አይሞላም። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለኝና ጠርሙሱን ለኋለኞቹ አቀበለ። እሱ አልጠጣም፣ መጀመሪያ እነሱ ናቸው የጠጡት።

መኪናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኔ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አስመትቼ፣ መነጽር ተከራይቼ የገባሁበት ባሕር ነው እነሱ በሌሊት የሚሻገሩት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ብቻ ከኦቦክ ሰሜን ጎዶሪያ በሚባለው ቦታ ኢትዮጵያውያንን ከየመን የመለሱ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ወር ሰምጠዋል። ዜናውን ሰምቼው ነበር። ጎዶሪያ የምትባለው ቦታ የት እንዳለች ግን አላውቅም ነበር። አሁን በየትኛው ተራራ በኩል እንደሆነች በጣት ማሳየት እችላለሁ። ይኼን ጽፌ ጉዞው ተበላሸ ማለቴ አይደለም። አልተበላሸም። ግን ስለ ጅቡቲ ባሕር አውርቶ ይኼን መዝለል ውሸት ይሆንብኛል።

ታጁራ የሄድነው በፌሪ ነው፣ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ። ላዩ ላይ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የሠርግ ዕቃ አለ። ዶልፊን አየን፣ ከእኛ በቀር ዞሮ ያየ የለም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነጭ ናት፣ ከኋላዋ ተራራ ቆሟል። ሰባት መስጊድ ያላት ከተማ ይሏታል። የጥንት ሱልጣኔት መቀመጫ ናት፣ ሱልጣኑ ደርደር ይባላል፣ ሕዝቡ አፋር ነው። ከሰመራ የመጣ ሰው እዚህ ባዕድ አይሆንም።

ለእኔ ታጁራ የምትስበው በሌላ ነገር ነው። ወደ ሸዋ የሚሄደው የቅፍለት መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነበር። ጨው ከአሰል፣ ጨርቅና ጠመንጃ ከባሕር። ሐረር ላይ በስሙ ቤት ያለው ፈረንሣዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ነበር፣ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ እየጠበቀ። በዚህ ሙቀት! ሸሪኮቹ ሞቱበት። በመጨረሻ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፣ እንጦጦ ናቸው። እዚያ ድረስ ተከትሎ ሄደ። ምኒልክ ዋጋውን ተከራክረው ጣሉበት፣ የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎችም መጡበት። የቀረችውን ገንዘብ ሐረር ሄዶ፣ ኋላ ራስ ከሆኑት ከመኮንን እንዲቀበል ታዘዘ። ቅኔ የተወበትን ምክንያት ሰው ብዙ ይመራመርበታል። እኔ ታጁራ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ይኼ ሰው ንግዱን አለመተዉ ነው የገረመኝ።

ከታጁራ ወጣ ብሎ «ነጭ አሸዋ» የሚሉት የባሕር ዳርቻ አለ። በጀልባ ይቀርባል። ኮራሉ ከዳሩ ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል፣ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ፊታችሁን ስትነክሩ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ይርመሰመሳል። ለመዋኘት የማይደፍር ሰው የሚደሰትበት ቦታ ይኼ ነው። ዌል ሻርኩን የፈራችው ጓደኛችን እዚህ ከውኃ አልወጣ አለች። ማታ ከባሕሩ አጠገብ ፍራሽ አንጥፈው ነው የሚያስተኙት፣ በሙቀቱ ምክንያት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። አጎቴ ተሳቢው ሥር የሚተኛበትን ሙቀት ሰዎች ከፍለው እንደሚተኙበት ስነግረው ምን እንደሚል ገምቱ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። የባቡሩ ፕሮግራም ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ስልክ ላይ አትመኑ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ከከተማው ውጭ ካርድ ዋጋ የለውም። ለጀልባና ለመኪና በቡድን ሁኑ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ወገብ ይቆርጣል። ፈረንሳይኛ ባትችሉ አትጨነቁ፣ ግራ ሲገባችሁ ጮክ ብላችሁ በአማርኛ አማርሩ፣ አንድ ሰው መልስ ይሰጣችኋል። ለአሰል የሚረግጡበት ላስቲክ ጫማ ግዴታ ነው። መኪናው ላይ ደግሞ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ውኃ ጫኑ፣ ለራሳችሁ ብቻ አትቁጠሩ። ሐምሌ ላይ ቲኬቱ ረከሰ ብሎ የሚደውልላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።